የማን እጅ ነው?
(ስለ አንዲት ትንሽ ድምፅ)

ታናሽ ወንድሜ በኮምፒዩተር ሙዚቃ ያቀናብራል። ባለፈው ቅዳሜ ማታ ከጎኑ ተቀምጬ መጽሐፍ ሳነብ፣ እርሱ የጆሮ ማዳመጫውን አውልቆ፣ ድምፁን ለቆ አንድ ነገር ይፈልግ ነበር። «ትስ» ይላል ኮምፒዩተሩ። «ቀጠነ» ይላል ወንድሜ። እንደ ገና «ትስ»። «ይኼ ደግሞ ቆርቆሮ ነው»። እንደ ገና «ትስ»። እንዲህ እያለ ሃምሳ ያህሉን አለፈ። መጽሐፌን አጥፌ «ምንድን ነው የምትፈልገው?» አልሁት።

«ሃይ-ሃት።»

«ይኼ ሁሉ ሃይ-ሃት አይደለም እንዴ?»

«ነው፤ ግን ነፍስ ያለው እፈልጋለሁ።»

ከእኩለ ሌሊት ጥቂት ቀደም ብሎ አንዱን አገኘ። ደጋግሞ አሰማው። እውነትም ከሌሎቹ ይለይ ነበር፤ ትንፋሽ የመሰለ ነገር ነበረበት። «የማን እጅ ነው?» ብዬ ጠየቅሁት። ጥያቄዬ አስገረመው። «አንተ ደግሞ! የማንም አይደለም፤ ፋይል ነው» አለኝ።

ይህች መልስ እንቅልፍ ነሳችኝ። ነፍስ ያለው ድምፅ ሲፈልግ ያመሸ ሰው፣ ባገኘው ጊዜ «የማንም አይደለም» ይላል። ነፍስ ካለው የአንድ ሰው መሆን የለበትምን? ከዚያ ምሽት ወዲህ የዚህችን ትንሽ ድምፅ ታሪክ ስከታተል ሰንብቻለሁ። ያገኘሁትን እነሆ ለውድ አንባብያን አቀርባለሁ። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

* * *

በቅድሚያ ለማያውቀው ላስተዋውቅ። ሃይ-ሃት ማለት በድራም መቺው ግራ በኩል በዘንግ ላይ የቆሙ፣ ፊት ለፊት የተገጣጠሙ ሁለት የነሐስ ሳህኖች ናቸው። የእግር ፔዳል ሲረገጥ ይጋጠማሉ፤ ሲለቀቅ ይላቀቃሉ። ተጋጥመው በበትር ሲመቱ «ትክ» ይላሉ፤ ተላቀው ሲመቱ «ትስስስ» ይላሉ። ከዚህ የበለጠ ምስጢር የላቸውም።

በጽሑፍ ብንመስለው ሃይ-ሃት ነጠላ ሰረዝ ነው። ስለ ነጠላ ሰረዝ ብሎ መጽሐፍ የሚገዛ ሰው የለም። ከገጹ ላይ ቢነሣ ግን አንባቢው ትንፋሹን የት እንደሚመልስ ይጠፋዋል። ዘፋኙን እናስታውሳለን፤ ግጥሙን እንሸመድዳለን፤ ሳናውቀው እግራችንን ያንቀሳቀሰውን ያንን «ትክ ትክ» ግን ከዘፈኑ ማግሥት እንኳ አናስታውሰውም።

ሳህኖቹን እያንዳንዳቸውን ሲምባል ይሏቸዋል። የአማርኛው መጽሐፍ ቅዱስ በመዝሙር 150 ሲምባልን ጸናጽል ብሎ ተርጉሞታል። እኛ ጸናጽል ስንል በካህናቱ እጅ ከመቋሚያና ከከበሮ ጋር የሚወዛወዘውን ማለታችን ስለ ሆነ ዕቃዎቹ ይለያያሉ። ነገር ግን ስሙን መጋራታቸው አለቦታው አልመሰለኝም። ሁለቱም ዜማ አይሸከሙም፤ ዜማው የሚራመድበትን ጊዜ ይቆጥራሉ እንጂ።

* * *

የነሐሱ ታሪክ የሚጀምረው ከቁስጥንጥንያ ነው። የቤተ ሰቡ ታሪክ እንደሚነግረን በ1618 አቬዲስ የተባለ አርመናዊ፣ ተራ ማዕድንን ወደ ወርቅ ለመለወጥ ሲደክም አንድ ቅይጥ አገኘ። ቅይጡ ከአምስት እጅ አራቱ መዳብ፣ አንዱ ቆርቆሮ ነበር፤ ጥቂት ብርም ነበረበት። እንዲህ ቆርቆሮ የበዛበት ነሐስ በባሕርዩ ተሰባሪ ነው። የአቬዲስ ጥበብ ቀጭን አድርጎ እየቀጠቀጠ፣ ሳይሰበር፣ ረጅምና ጥርት ያለ ድምፅ እንዲሰጥ ማድረጉ ላይ ነበር። ወርቅ ፈልጎ ድምፅ አገኘ።

የኦቶማን ሠራዊት በከበሮ፣ በመለከትና በሲምባል ታጅቦ የሚዘምት ነበርና ግኝቱ በቤተ መንግሥት ተወደደ። ሱልጣን ዳግማዊ ዑስማን ለአቬዲስ ወርቅ ሸለመው፤ «ዚልጂያን» የሚል ስምም ተሰጠው፤ ትርጉሙ የሲምባል ሠሪ ልጅ እንደ ማለት ነው። በ1623 የራሱን ማቅለጫ ከፈተ። የቅይጡ አሠራር ከአባት ወደ ልጅ በምስጢር ሲተላለፍ ኖሮ፣ በ1929 ሌላው አቬዲስ በአሜሪካ፣ በማሳቹሴትስ ግዛት፣ በኲንሲ ከተማ ሥራውን ቀጠለ። ኩባንያው ዛሬም በዚያው ግዛት ይሠራል።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ እንበል። ከ400 ዓመት በኋላ የአቬዲስ ስም አልጠፋም። ያልጠፋውም በየሲምባሉ ላይ ስለ ታተመ ነው። ነሐሱን የሠራው ሰው ማኅተም አለው። ነሐሱን የሚመታው ሰው ግን ማኅተም የለውም፤ የምቱ ድምፅ አየር ላይ ይወጣል፤ ይበተናል። ኋላ የሚመጣው ጣጣ ሁሉ ከዚህ ልዩነት የተወለደ ነው።

* * *

ሁለቱን ሲምባሎች በእግር ማጋጨት የተጀመረው በአሜሪካ በ1920ዎቹ ነው። በመጀመሪያ ከወለል ብዙም ከፍ የማይሉ፣ ከጫማ አጠገብ የሚቀመጡ ነበሩና በበትር አይደረስባቸውም ነበር። «ሎው ቦይ»፣ ማለት አጭሩ ልጅ ይሏቸዋል። ዘንጉ ረዝሞ ከእጅ ከፍታ ላይ ሲደርሱ ስሙም አብሮ ከፍ አለና ሃይ-ሃት ሆነ፤ ረጅሙ ባርኔጣ እንደ ማለት። ነገሩ የብረት ቧንቧ ማስረዘም ብቻ ይመስላል። ነገር ግን እግርና እጅ ለመጀመሪያ ጊዜ በአንድ ነሐስ ላይ ተገናኙ፤ እጅ ይመታል፣ እግር ምቱ ምን ያህል እንደሚኖር ይወስናል።

ይህን ከሁሉ በፊት አጥርቶ የተረዳው የካውንት ቤዚ ባንድ ድራመር ጆ ጆንስ ነው፤ ከሌሎች ጆንሶች ለመለየት ፓፓ ጆ ይሉታል። ከእርሱ በፊት ጊዜ ይቆጠር የነበረው በእግር በሚመታው በትልቁ ከበሮ ነበር፤ ዱም፣ ዱም፣ ዱም፣ ዱም። ጆንስ በ1930ዎቹ ቆጠራውን ከትልቁ ከበሮ አንሥቶ ግማሽ ለግማሽ ወደ ተከፈተው ሃይ-ሃት አዛወረው። ባንዱ ሸክሙ የወረደለት ያህል ቀለለው። ከወታደር ሰልፍ ወደ ሰው እርምጃ መሸጋገር ማለት ይህ ነው።

ከ40 ዓመት ያህል በኋላ በፊላደልፊያ ከተማ ኧርል ያንግ የተባለ ድራመር ሌላ በር ከፈተ። በ1973 ሃሮልድ ሜልቪንና ብሉ ኖትስ በተጫወቱት «ዘ ላቭ አይ ሎስት» ላይ ትልቁን ከበሮ በየምቱ እየረገጠ፣ በምትና በምት መካከል ባለው ክፍት ቦታ ሃይ-ሃቱን ይከፍተው ጀመር፤ ዱም-ትስ፣ ዱም-ትስ። ዲስኮ የሚባለው የጭፈራ ሙዚቃ አካሄዱን ከዚህ አገኘ። ከዲስኮ በኋላ የመጣው ሃውስም፣ ቴክኖም ዛሬ ድረስ በዚያው እግር ይሄዳል።

* * *

አሁን ወደ ዋናው ሰው ደረስን። ክላይድ ስተብልፊልድ በ1943 በቴነሲ ግዛት፣ በቻታኑጋ ከተማ ተወለደ። የሙዚቃ ትምህርት ቤት ደጅ አልረገጠም። በልጅነቱ ጆሮውን የሳበው በአካባቢው የነበሩት ፋብሪካዎች ምትና የባቡሩ ጉዞ እንደ ነበር ይናገር ነበር። አድጎ የጄምስ ብራውን ባንድ ድራመር ሆነ።

ኅዳር 20 ቀን 1969 በሲንሲናቲ ከተማ፣ በኪንግ ስቱዲዮ «ፈንኪ ድራመር» የተባለውን ሙዚቃ ቀዱ። ሙዚቃው ሲገፋ ብራውን ባንዱን ዝም አሰኘና ድራመሩን ብቻውን ተወው፤ ብልጫ ለማሳየት ሳይሆን ያንኑ ምት ሳይለውጥ እንዲቀጥል። ስተብልፊልድም ቀጠለ። 20 ሰከንድ ያህል ነው። በዚያ 20 ሰከንድ ውስጥ የግራ ከበሮው እንደ ሹክሹክታ ዝቅ ብሎ ያጉረመርማል፤ ከላይ ሃይ-ሃቱ ሳይቋረጥ ጊዜውን ይከታትፋል፤ ከሰዓት ቆጣሪ ግን ይለያል፤ አንዱ ምት ጠበቅ፣ ሌላው ላላ ይላል፤ አንዳንዴም እግሩ ጥቂት ከፈት ያደርገውና ነሐሱ ይተነፍሳል። ወንድሜ «ነፍስ» ያለው ይህን መሆን አለበት።

ሸክላው በ1970 ወጣ። ደራሲው ጄምስ ብራውን ተብሎ ተመዘገበ። ስተብልፊልድ የባንዱ ተቀጣሪ ነበርና ደመወዙን ተቀብሎ ሄደ። ያንን ዘፈን ራሱም እምብዛም አይወደው ነበር።

* * *

በዚያን ጊዜ ድራመርን በመሣሪያ የመተካት ሐሳብ በየቦታው ይብላላ ነበር። በ1980 ሁለት ማሽኖች በሁለት መንገድ መጡ።

አንደኛው የአሜሪካዊው መሐንዲስ የሮጀር ሊን «ኤል ኤም-1» ነው። ሊን እውነተኛ ድራም አስቀድቶ፣ ድምፁን ወደ ቁጥር ለውጦ በቺፕ ውስጥ አስቀመጠው። አንድ ድምፅ በዚህ መልክ ተቆርጦ ሲቀመጥ ሳምፕል ይባላል፤ ናሙና ማለት ነው። ቁልፉን ሲጫኑት የሎስ አንጀለሱ ድራመር አርት ውድ እጅ ከሳጥን ውስጥ ይመታል። የማሽኑ ዋጋ ወደ 5000 ዶላር ይጠጋ ነበር። የማስታወሻ ቺፕ ውድ ስለ ነበር ረጅም ድምፅ ያላቸው ትልልቅ ሲምባሎች አልገቡበትም። አጭሩ ሃይ-ሃት ግን ገባ፤ በማጠሩ ዳነ።

ሁለተኛው የጃፓኑ ሮላንድ ኩባንያ «ቲ አር-808» ነው። ዋጋው 1195 ዶላር ነበር። በዚህ ዋጋ ቅጂ ማስቀመጥ ስለማይቻል መሐንዲሶቹ ሃይ-ሃቱን ከኤሌክትሪክ ፈጠሩት። ነሐስ ሲመታ የሚያወጣቸው ድምፆች እንደ ክራር አውታር ተስማምተው የሚኖሩ አይደሉም፤ እርስ በርስ የሚጣሉ ብዙ ድምፆች ናቸው። ስለዚህ እርስ በርስ የማይስማሙ ስድስት የኤሌክትሪክ ሞገዶችን በአንድ ላይ አንሥተው፣ ወፍራሙን አጣርተው ጥለው፣ ቀጭኑን ብቻ አስቀሩ። የኩባንያው መሥራች ኢኩታሮ ካኬሃሺ እንደ ተናገሩት፣ ለማሽኑ የሚፈልጉትን የሚፈላ ዓይነት ድምፅ ያገኙት ጉድለት አለባቸው ተብለው ከተጣሉ ትራንዚስተሮች ነው። የትራንዚስተር ፋብሪካዎች ሥራቸውን እያሻሻሉ ሲሄዱ ጉድለት ያለበት ጠፋ፤ ማሽኑም በ1983 መመረት አቆመ። ጠቅላላው 12 ሺህ ያህል ነበር።

808 እንደ እውነተኛ ድራም ስላልነበረ ብዙዎች ናቁት። ርካሽ ሆኖ በየአሮጌ ዕቃ መሸጫው ሲገኝ ግን ገንዘብ የሌላቸው ወጣቶች እጅ ገባ፤ ከዚያ በኋላ ታሪኩ ተለወጠ። ዛሬ ከአትላንታ በተነሣው ትራፕ በተባለው ስልት ውስጥ እንደ ዝናብ የሚንጠባጠበው ፈጣን ሃይ-ሃት የዚያ ማሽን ዘር ነው። እዚህ ላይ «የማን እጅ ነው?» ብንል መልሱ የማንም ነው፤ ማንም ነሐስ አልመታም። ይልቁንም የመሐንዲሶች ጆሮ ነው።

በ1983 ሮላንድ «ቲ አር-909»ን ሲያወጣ ሁለቱን መንገዶች አጋባቸው። ከበሮዎቹ ከኤሌክትሪክ የተፈጠሩ ሲሆኑ፣ ሃይ-ሃቱና ሲምባሎቹ ግን ከእውነተኛ ነሐስ የተቀዱ ሆኑ። ቅጂው ባለ 6 ቢት ስለ ነበር ሻካራ፣ አሸዋ የተቀላቀለበት ድምፅ ነበረው። የችካጎ ሃውስና የዲትሮይት ቴክኖ በዚያ አሸዋ ላይ ተገነቡ። በዓለም ዙሪያ በየጭፈራ ቤቱ ስንት ጊዜ ተመታ ቢባል ቆጥሮ የሚጨርስ የለም። ያንን ነሐስ የመታው እጅ ስም ግን በማሽኑ ላይ አልተጻፈም።

* * *

በኒውዮርክ ደግሞ ወጣቶች ሦስተኛ መንገድ ያዙ። ድራመር ለመቅጠር ገንዘብ አልነበራቸውም፤ የወላጆቻቸው ሸክላዎች ግን ነበሩ። የአሮጌ ሸክላ ካርቶን እየበረበሩ ድራሙ ብቻውን የቀረበትን ቦታ ይፈልጋሉ። ያገኙትን ቆርጠው ይደጋግሙታል። በ1986 «ፈንኪ ድራመር» የታከለበት «ኢን ዘ ጃንግል ግሩቭ» የተሰኘ የጄምስ ብራውን ሥራዎች ስብስብ ሲወጣ፣ ያ 20 ሰከንድ በሁሉም እጅ ገባ።

በ1987 የወጣው «ኤስ ፒ-1200» የተባለው መሣሪያ በጠቅላላው 10 ሰከንድ ድምፅ ብቻ ነበር የሚይዘው። አንድ ሙሉ ዘፈን ከ10 ሰከንድ ማውጣት! ስለዚህ ብልሃት ተፈጠረ። በደቂቃ 33 ጊዜ የሚሽከረከረውን ሸክላ በ45 ፍጥነት አሽከርክረው ይቀዱታል፤ ድምፁ አጥሮ ብዙ ቦታ አይዝም፤ ከዚያ በመሣሪያው ውስጥ መልሰው ያዘገዩታል። ሲዘገይ ይሻክራል። ያ ሻካራነት በእጥረት የመጣ ነበር፤ ዛሬ ግን ቺፕ በረክሶ በተትረፈረፈበት ዘመን አቀናባሪዎች ያንኑ ሻካራነት የሚመስል ፕሮግራም በገንዘብ ይገዛሉ። የድህነት ጠባሳ ጌጥ ሆነ።

ከሸክላ ላይ ሃይ-ሃትን ብቻውን ማውጣት እንደ ጤፍ ለቀማ ነው። በትልቁ ከበሮና በግራ ከበሮው ምት መካከል፣ ሃይ-ሃቱ ብቻውን የሚቀርባትን ከሰከንድ ሩብ የማትበልጥ ክፍተት ይፈልጓታል። ይቆርጧታል። ጅራቷ እንዳይቆራረጥ ቀስ ብሎ እንዲከስም ያደርጋሉ። ከሥሯ የቀረውን የባስ ጊታርና የከበሮ ርዝራዥ፣ ወፍራም ድምፅ በሚጥል ማጣሪያ ያነጹታል፤ የሃይ-ሃት ሕይወት ያለው በቀጭኑ ድምፅ በኩል ስለ ሆነ ከሥር ያለው ቢወገድ አይጎዳውም። ከዚያ ቅጥነቱን ከዘፈኑ ቅኝት ጋር እስኪቀመጥ ድረስ ከፍና ዝቅ ያደርጉታል።

ወንድሜ ይህን ሁሉ ሲያደርግ ሳየው አንድ ነገር ገባኝ። በኮምፒዩተሩ ላይ የሚነካካው ቁልፍ ሁሉ የአንድ የሰው አካል ትዝታ ነው። ለምሳሌ ዝግ ሃይ-ሃት ሲመጣ፣ ቀድሞ የተለቀቀው ክፍት ሃይ-ሃት ወዲያው ዝም እንዲል ያስሩታል። ለምን ቢባል አንድ ነሐስ በአንድ ጊዜ ክፍትም ዝግም ሊሆን አይችልምና፤ ኮምፒዩተሩ እግር የለውም፣ የእግርን ሥራ ግን ያስታውሳል። እንደዚሁም አንድ ምት ያለ ለውጥ ሲደጋገም እንደ መትረየስ ይሆናል። ስለዚህ አንዱን ጠንከር፣ አንዱን ለስለስ ያደርጉታል፤ ወይም የአንዱን ሃይ-ሃት አራት አምስት የተለያዩ ምቶች ቀድተው በየተራ ያሰማሉ። የሰው እጅ ሁለት ጊዜ አንድ ዓይነት መትቶ አያውቅምና።

ጊዜውም እንዲሁ ነው። ሮጀር ሊን ከመጀመሪያው ማሽኑ ጀምሮ «ስዊንግ» የሚባል ብልሃት አስገብቶ ነበር፤ ከሁለት ተከታታይ ምቶች ሁለተኛውን በጥቂቱ ማዘግየት ነው። በ1988 በወጣው «ኤም ፒ ሲ 60» በተባለው መሣሪያም ቀጠለበት። የዲትሮይቱ ጄ ዲላ ደግሞ ማሽኑ ምቶችን በመስመር የሚያሰልፍበትን ሥርዓት እየተወ በጣቱ እንደ መታው ይተወው ነበር፤ ሃይ-ሃቱ የደከመው ሰው እርምጃ ይመስላል። ዲላ በ2006 በ32 ዓመቱ ዐረፈ። የሚሠራበት መሣሪያ ዛሬ በዋሽንግተን በሚገኘው የአፍሪካ አሜሪካውያን ታሪክና ባህል ብሔራዊ ሙዚየም ተቀምጧል።

እኛም ከዚህ ታሪክ ውጭ አይደለንም። ትልልቆቹ ባንዶች እየተበተኑ ኪቦርድ ሲተካቸው፣ በልጅነታችን በካሴት የሰማነው አብዛኛው «ትስ ትስ» በአዲስ አበባ የተመታ አልነበረም። ከኪቦርዱ ሆድ የወጣ፣ በሌላ አገር፣ በሌላ ሰው የተመታ ነው። በማናውቀው ሰው እጅ እስክስታ ወርደናል።

* * *

ወደ ክላይድ ስተብልፊልድ ልመለስ። የእርሱ 20 ሰከንድ በታሪክ እጅግ ከተቀዱት ድምፆች መካከል አንዱ ሆነ። የፐብሊክ ኤነሚ «ፋይት ዘ ፓወር»፣ የኤል ኤል ኩል ጄ «ማማ ሴድ ኖክ ዩ አውት»፣ የሽኔድ ኦኮነር «አይ አም ስትሬችድ ኦን ዩር ግሬቭ» ሁሉም ያንን ምት ተራምደውበታል። ተቆጣ ሲሉትም ተቆጣ፤ አልቅስ ሲሉትም አለቀሰ።

ሕጉ ምን ይላል? በአሜሪካ ሕግ የድርሰቱ ባለቤት ደራሲው ነው፤ የቅጂው ባለቤት አብዛኛውን ጊዜ ኩባንያው ነው። በደመወዝ የተቀጠረ ድራመር ከሁለቱም የለበትም። በታኅሣሥ 1991 በኒውዮርክ አንድ ዳኛ በሳምፕል ጉዳይ የሰጡትን ፍርድ «አትስረቅ» በሚለው ትእዛዝ ጀመሩት፤ ከዚያ ወዲህ ያለ ፈቃድ መቁረጥ አደገኛ ሆነ። በ2005 አንድ የይግባኝ ችሎት ከሸክላ ላይ ጥቂትም ቢሆን ያለ ፈቃድ አይወሰድም አለ፤ በ2016 ሌላው ችሎት ደግሞ 0.23 ሰከንድ የምታህል ቁራጭ ኢምንት ናት፣ አታስከስስም ብሎ ፈረደ። ሃይ-ሃትን ለሚለቅም ሰው ይህ ትልቅ ነገር ነው። ነገር ግን ይከፈልም አይከፈል፣ ክርክሩ ያለው በወሰደውና በባለ መብቱ መካከል ነው። በትሩን የያዘው ሰው በችሎቱ ውስጥ ወንበር የለውም።

እኔ የባንክ ሠራተኛ ነኝ። በእኛ ቤት ማታ ሒሳብ ሲዘጋ ገቢና ወጪው በአንድ ሳንቲም ቢለያይ ልዩነቱ ሳይገኝ ሰው ተነሥቶ አይሄድም። የዚህን ሰው ሒሳብ በዚያ ዓይን ሳየው ያስደነግጠኛል። በአንድ ወገን ከሺህ በላይ ዘፈን አለ፤ በሌላው ወገን የአንድ ቀን ደመወዝ። ልዩነቱን ማን ፈልጎ ያግኘው?

ስተብልፊልድ ከ1970ዎቹ ጀምሮ በዊስኮንሲን ግዛት በማዲሰን ከተማ ኖረ፤ በየሰኞ ምሽቱ ከአካባቢው ሙዚቀኞች ጋር ይጫወት ነበር። ድምፁን ለተጠቀሙበት ሲነገርለት፣ ከገንዘቡ ይልቅ ስሙ አለመጠራቱ እንደሚከነክነው ተናግሯል። በ2000 ገደማ ካንሰር ሲታመም ከባድ የሕክምና ዕዳ ወደቀበት። ዕዳውን በዝምታ የከፈለለት ዘፋኙ ፕሪንስ ነበር፤ ሁለቱ በአካል አይተዋወቁም። ስተብልፊልድ ይህን በይፋ የተናገረው በ2016 ፕሪንስ ከሞተ በኋላ ነው። እርሱም የካቲት 18 ቀን 2017 በ73 ዓመቱ ዐረፈ። በዚያው ዓመት የዊስኮንሲን ዩኒቨርሲቲ ከሞቱ በኋላ የክብር ዶክትሬት ሰጠው።

የፕሪንስ ነገር ልቤን ነካው። ሕግ አላስገደደውም፤ ፍርድ ቤት አልጠራውም። የማን እጅ እንደ ሆነ ያውቅ ነበር፤ ይኸው ነው።

* * *

ይህን ሁሉ ለወንድሜ ነገርሁት። ዝም ብሎ ሰማኝና «ታዲያ ያ እኔ ያገኘሁት የማን እንደ ሆነ በምን ይታወቃል?» አለኝ። ፋይሉን አሳየኝ። ስሙ ቁጥር ብቻ ነው። ከሸክላ ላይ ይሁን፣ ከማሽን ይሁን፣ ስንት እጅ አልፎ፣ ስንቴ ተቆርጦና ተጣርቶ እንደ መጣ የሚናገር ነገር የለውም። «አይታወቅም» አልሁት። ሌላ ምን እላለሁ?

በማግሥቱ የቤታችንን የቁልፍ ዘለላ ከማይክሮፎን ፊት ሲያንሿሽ አገኘሁት። ቀዳው፤ ከመካከሉ አንዲት ቅንጣት ቆረጠ፤ ወፍራሙን አጣርቶ ጣለ፤ ጅራቱን አሳጠረ። «ትስ» አለ። ከአቬዲስ ነሐስ ጋር የሚወዳደር አልነበረም፤ ለዘፈኑ ግን በቃው። ያንን ስም የለሹን ድምፅም አልጣለውም፤ ከእርሱ ሥር አኖረው። ፋይሉን ሲያስቀምጥ ስም ጻፈበት፤ የገዛ ራሱን ስም። ከልቤ ደስ አለኝ።

በዚህ ስንኝ ጽሑፌን ልቋጭ፤

ስንቱ በሱ ጊዜ ጨፍሮበት አለፈ፣
ስሙ ከሸክላው ላይ እንደ ተገደፈ፤
ድምፁን የወሰድህ ሌሊት የምትሠራ፣
ለእጁ ካልከፈልህ ስሙን እንኳ ጥራ።